የዝናብ ልብስ የለበሰው ጃንጥላ

ሦስተኛው ሚኒባስ አጠገባቸው ሲጢጥ ብሎ ቆመና ረዳቱ እስከ ወገቡ በመስኮት ወጥቶ፣ "ጋሽ አዳሙ! ኧረ ይግቡ! እኛ እያለን እርስዎ በእግርዎ?" አለ።

"አልገባም! ስለት ነው!"

አዳሙ ሃያ ዓመት ሙሉ ሩዝ መፈልፈያ ማሽን አጠገብ ቆሞ ስላወራ ዝግ ብሎ መናገር ረስቷል። ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ብቻ ሳይሆኑ ከመንገዱ ማዶ ጎንበስ ብለው ሩዝ የሚያርሙትም ቀና አሉ።

"እሺ፣ ልጅቱን እንኳ እናድርሳት።"

"እሷም አትገባም! የተሳልሁት ስለሷ ነው!"

ትሕትና አንገቷን ደፋች። ረዳቱ አባትና ልጁን ተራ በተራ አየ። አዳሙ ከራሱ እስከ እግሩ በስብሷል። ልጅቷም በስብሳለች። አዳሙ ትከሻው ላይ ያጋደመው ትልቅ ጃንጥላ ግን ሰማያዊ የዝናብ ልብስ ለብሶ፣ ቆቡን ደፍቶ፣ እጅጌው ወገቡ ላይ ታስሮ፣ ጠብታ ሳይነካው ተንደላቋል።

"ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" አለ ረዳቱ፣ በሩን እየዘጋ።

ቀኑ ነሐሴ አሥራ አምስት ነው፤ ፍልሰታ ሊፈታ አንድ ቀን ቀርቶታል። አባትና ልጅ ከወረታ የተነሱት ዶሮ ሳይጮኽ ሲሆን መድረሻቸው ከጣራ ገዳም በላይ ካለው ተራራ ጫፍ የተሠራችው የጉም አምባ ኪዳነ ምሕረት ናት። በመኪና ቢሆን አዲስ ዘመን ድረስ አንድ እንቅልፍ አይሞላም። አዳሙ ግን በእግሬ ብሏል።

ነገሩ የጀመረው አምና ሐምሌ ነው። ትሕትና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልትወስድ የሄደች ዕለት አዳሙ ከማሽኑ ጩኸት መሃል ቆሞ፣ "የጉም አምባዋ ኪዳነ ምሕረት! ልጄን አሳልፈሽ ሐኪም ካደረግሽልኝ፣ ከወረታ ደጅሽ ድረስ መኪና ሳልነካ ባለ ዘርፍ የከፋይ ጃንጥላ ተሸክሜ እመጣለሁ!" ብሎ ተሳለ። ድምፁ ያው የሚታወቅ ነውና ስለቱን የሰማችው ኪዳነ ምሕረት ብቻ አልነበረችም። ሩዝ ሊያስፈለፍል የመጣው ገበሬ ሰማ፣ ጎረቤት ሰማ፣ ከአጥሩ ወዲያ የሚያንቀላፋው የባንክ ዘበኛ ደንግጦ ተነሳ። ከዚያም ከትምህርት ቤቷ ካለፉት ሰባት ልጆች አንዷ ትሕትና ሆነች።

አዳሙ "ሐኪም" ብሎ ስለተሳለ ገና ስድስት ዓመት አለኝ ብሎ ተዝናንቶ ነበር። ዘንድሮ ግን መከራው በረታ። ቁሐር ሚካኤል ያለውን የሩዝ ማሳውን ጎርፍ ወሰደው። የማሽኑ ቺንጋ በወር ሁለት ጊዜ ተበጠሰ። በመጨረሻ የመንጋጋ ጥርሱ ተነሳበትና ሦስት ሌሊት ሲንጎራደድ አደረ። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ጥሩብርሃን፣ "ስለት አሳድረህ ነው" አለችው።

"ልጂቱ ገና ሐኪም አልሆነች!"

"ኪዳነ ምሕረት ግማሹን ሠርታልሃለች። አንተም ብትፈልግ ጃንጥላውን በግማሹ ስጣት።"

አዳሙ በማግሥቱ ጃንጥላውን ገዛ፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተንጠለጠለበት።

ትሕትና ግን ሐኪም አትሆንም። የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ ከመጣች በኋላ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍል ምደባ በቴሌግራም ሲወጣ በገዛ እጇ አንደኛ አድርጋ የሞላችው ደርሷታል፤ ሜትዮሮሎጂ፣ የአየር ጠባይ ትምህርት። ነጥቧ ለሕክምና አንሶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። አላነሰም። ይህንን ለእናቷ እንኳ አልነገረችም። ጉም አምባ ላይ ደግሞ ስለት በዝምታ አይገባም፤ ባለ ስለቱ ድምፅ ማጉያ ይሰጠውና ስለምን እንደተሳለ ለሕዝቡ ይናገራል። አባቷ "ልጄ ለሐኪምነት ስለበቃችልኝ" ብሎ በዚያ ድምፁ ላይ ማጉያ ጨምሮበት ከተናገረ በኪዳነ ምሕረት ፊት ዋሸ ማለት ነው። ያስዋሸችውም እሷ። ስለዚህ ከመድረሳቸው በፊት መንገር አለባት።

ዘዴም አስባ ነበር። መንገድ ላይ የአየሩን ሁኔታ አስቀድማ ትነግረዋለች፣ ያለችው ይሆናል፣ አባቷ ይደነቃል፣ ያን ጊዜ "አየህ አባባ፣ የምማረው ይህን ነው" ትለዋለች። ዘዴው ወረታ ላይ ሲታሰብ በጣም ጥሩ ነበር።

የመጀመሪያውን ሙከራ ጎህ ሲቀድ ርብ ድልድይ ላይ አደረገች። ስልኳን አየችና፣ "እስከ ስድስት ሰዓት ጥርት ያለ ነው አባባ፣ ዝናብ የለም" አለችው።

"እኔም አውቄዋለሁ። ጉልበቴ ምንም አላለኝም" አለ አዳሙ።

ድልድዩን ሳይጨርሱ ዶፉ ወረደ። አዳሙ ጋቢውን ገፈፈና ጃንጥላውን ጠቀለለበት። ጋቢው ውሃ ሲያሳልፍ ጊዜ ወደ ልጁ ዞረ።

"ያንን የዝናብ ልብስሽን አምጪው።"

"ልለብሰው ነው እኮ።"

"አንቺ ትደርቂያለሽ። ከፋይ አንዴ ከበሰበሰ አይመለስም።"

"አባባ፣ ጃንጥላ እኮ ነው! ለዝናብ ነው የተሠራው!"

"ይህ ለታቦት የተሠራ ነው። ለእኔና ላንቺ ዝናብ አይደለም።"

የዝናብ ልብሱ የራሷም አልነበረም። ጀርባዋ ላይ ካለው ትልቅ ቦርሳ ጋር የተዋሰችው ከዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ነው። ቦርሳው አሥራ አምስት ኪስ፣ ሦስት መታጠቂያና አንድ ፉጨት አለው። አዳሙ ከቤት ሲወጡ ጀምሮ በጥርጣሬ ሲያየው ቆይቷል።

"ይህን ነገር ጓደኛሽ ምን ታደርግበታለች?"

"ተራራ ትወጣበታለች። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበው ተራራ የሚወጡ ልጆች አሉ።"

"ተስለው?"

"ኧረ አይደለም። ዝም ብለው።"

"ሳይሳሉ?" አዳሙ ቆመ። "ታዲያ ምን አጥፍተው ነው?"

"ለመዝናናት ነው አባባ።"

አዳሙ ይህንን እያሰላሰለ ብዙ መንገድ ሄደ። ከልቡ አዝኖላቸው ነበር።

ሁለተኛውን ሙከራ ይፋግ ላይ አደረገች። ገበያው መሃል ሲደርሱ ስልኳ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ነጎድጓድና ከባድ ዝናብ እንደሚመጣ ነገራት። ሰማዩም ጠቆር ብሎ ነበር። አባቷን ጎትታ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር አስቆመችው። ሩብ ሰዓት ሆነ። ግማሽ ሰዓት ሆነ። ደመናው ተገፈፈና ፀሐይ እንደ እሳት ወጣች። የዝናብ ልብስ የለበሰው ጃንጥላ በረንዳው ላይ ተገትሮ ሲያዩት ሽንኩርት ሻጮቹ ሥራቸውን ትተው ይሣሣቁ ጀመር።

"እሜቴ፣ ዶፍ ብለሽኝ አልነበር?" አለ አዳሙ።

"ትንበያው እንዲያ ነበር የሚለው።"

"ያ ስልክሽ የት አገር ነው የተሠራ?"

"ቻይና።"

"እንግዲያው የሚያውቀው የቻይናን ዝናብ ነው። እኛን አያውቀንም።"

ትሕትና ስልኳን ኪሷ ከተተች። በዚህ አያያዝ "የምማረው ይህን ነው" ብትለው በዩኒቨርሲቲው ላይ ያዝናል።

ስድስት ሰዓት ላይ አዲስ ዘመንን አልፈው አቀበቱን ያዙ። ሜዳ ላይ ያደገ ሰው አቀበት ሲገጥመው የሚሆነውን አዳሙም ሆነ። በየሃያ እርምጃው ቆሞ እይታውን የሚያደንቅ ይመስላል፤ ከፎገራ ሩዝ አልፎ እስከ ሐይቁ ድረስ ያያል። ጾመኛ ነውና ውሃ እንኳ አልቀመሰም። ትሕትና እግሯ በተዋሰችው ጫማ ተልጦ ነበር፤ እሱ እንዳይሰማ ጥርሷን ነክሳ ትወጣለች።

ተራራው ላይ አየሩ እንደ ሕፃን ነው፤ ሲያለቅስ አይተው ሳይጨርሱ ይሥቃል። መጀመሪያ አናት የሚበሳ ፀሐይ ነበር። ቀጥሎ ጉም መጣና ሦስት እርምጃ ፊት ያለው ድንጋይ ጠፋ። ጉሙ ሲገፈፍ ካፊያ ተተካ፣ ካፊያው ሳያባራ እንደገና ፀሐይ ወጣ። አዳሙ ጋቢውን ሰባት ጊዜ ለብሶ ሰባት ጊዜ አወለቀ። የስልኩ ኔትወርክ ጠፍቷል።

"ጉልበትህ ምን ይላል አባባ?" አለችው፣ ነገሯን ለመጀመር ያህል።

"ተይኝ እባክሽ። ይህ ጉልበት ከይፋግ ወዲህ ለራሱም አላወቀ።"

ከአንድ መታጠፊያ ላይ አንድ ሽማግሌ ቄስ ደረሱባቸው። ደቃቃ ናቸው፤ ግን አቀበቱን ሜዳ አስመስለው ነው የሚወጡት። ጀርባቸው ላይ አሮጌ የቆዳ ማኅደር አዝለዋል። አዳሙና ትሕትና መስቀል ተሳለሙ። ቄስ አዛናው ይባላሉ፤ የጉም አምባ አገልጋይ ናቸው። ማኅደሩ ውስጥ ያለው ተአምረ ማርያም ነው። ሊያስጠርዙት ወርደው ነበር፤ ለዛሬው ዋዜማ ካልደረሰ ጉድ ይፈላል።

አዳሙ ከድልድዩ ጀምሮ የሚያብሰለስለው ነገር ነበረውና ካህን ሲያገኝ አላሳለፈውም።

"አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የስለት ጃንጥላ፣ መንገድ ላይ ዝናብ ቢመጣ ይዘረጋል?"

ቄስ አዛናው ቆሙ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተጠየቁ ብዙ ዘመን እንደሆናቸው ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

"ሰጥተኸዋል ወይስ አልሰጠኸውም?"

"ልሰጥ እየሄድሁ ነው።"

"እንግዲያው ገና ያንተ ነው። ዘርጋው።"

"ተስያለሁ እኮ።"

"ከተሳልህማ የእሷ ነው። አትዘርጋው።"

"ታዲያ የማን ነው?"

"መንገድ ላይ እስካለ ድረስ ያስቸግራል" አሉና ቄሱ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ጥቂት እንደሄዱ ካፊያው እንደገና ጣል ጣል ማድረግ ሲጀምር ዞር ብለው፣ "እርግጥ ሥሩ ካህን ካለ ነገሩ ሌላ ነው" አሉ።

"እንዴት ሌላ?"

"ጃንጥላ ለካህን ይያዛል። እንዲያው ላስታውስህ ብዬ ነው።"

"እርስዎ ታቦት አልያዙ አባቴ።"

"ታቦት አልያዝሁም፤ መጽሐፍ ይዣለሁ።"

አዳሙ ጃንጥላውን ወደ ሌላኛው ትከሻው አዛወረ። ቄሱም ነገሩን አላጠበቁት። ሦስቱም እየበሰበሱ፣ ጃንጥላው እየደረቀ ሽቅብ ሄዱ።

ካፊያው አቆመ። ትሕትና ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ስልኩ ስለማይሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኗ ብቻ ነው ያየችው። ከሐይቁ በኩል የተነሳው ነጭ ደመና ላይ በላይ ተከምሮ አናቱ ከሩቅ ያብረቀርቃል። ሆዱ ግን ጠቁሯል፣ ጥቁሩም ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። ከሥር ይነፍስ የነበረው ሞቃት ነፋስ ቀጥ አለ። ከዚያ ድንገት ከላይ ወደ ታች አንድ ቀዝቃዛ ነፋስ ወረደና ክንዷን አንሰፈሰፈው።

"አባባ፣ በረዶ ሊመጣ ነው። አሥር ደቂቃ አይሞላም። እዚያ አለት ሥር እንግባ።"

"ጀመረሽ?" አለ አዳሙ። "ድልድዩ ላይ ጠራ ብለሽ አስበሰበስሽኝ። ይፋግ ላይ ዶፍ ብለሽ የገበያ መሣቂያ አደረግሽኝ። አሁን ደግሞ በረዶ! ፀሐዩ አይታይሽም?"

"ያ ስልኩ ነው። ይህን ያልሁት እኔ ነኝ።"

ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ነገር ለራሷም አዲስ ሆነባት። ቄስ አዛናው አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ልጅቱን አዩ። "እኔ ለራሴ ቢሆን እሄድ ነበር። በመጽሐፉ ግን አልፈተንም" ብለው ወደ አለቱ አዘገሙ። አዳሙም ቄስ ጥሎ መሄድ ነውር ስለሆነበት እያጉረመረመ ተከተለ።

አለቱ ሥር ለሁለት ሰው ተኩል የሚሆን ቦታ አለ። ተጠጋግተው ሳይጨርሱ ተራራው ተናጋ። በረዶው የባቄላ ፍሬ የሚያህል ነበር፤ ቀጥሎ የዋልካ ጓል አከለ። የመጡበት መንገድ በአፍታ ነጭ ሆነ። ከፊታቸው የነበረው የግራር ቁጥቋጦ ቅጠሉን እያራገፈ ራቁቱን ቀረ። አዳሙ አፉን ከፍቶ እያየ ነበር።

ከአለቱ ጣሪያ ውሃ መንጠባጠብ ሲጀምር የወደቀው በቀጥታ ማኅደሩ ላይ ነው። ቄሱ ወዲህ ቢሉ ግድግዳ፣ ወዲያ ቢሉ በረዶ። ትሕትና እጇን ዘርግታ ከጃንጥላው ወገብ ላይ እጅጌዎቹን ፈታችና የዝናብ ልብሱን ገፈፈችው። አዳሙ "ኧረ!" ሊል ነበር። ቄሱ፣ "የእመቤታችን መጽሐፍ ነው" አሉት። ተአምረ ማርያም የዝናብ ልብሱን ለበሰ። አዳሙ ራቁቱን የቀረውን ጃንጥላ ጭኑ መሃል አጣብቆ፣ ጎንበስ ብሎ እንደ ሕፃን አቀፈው።

"ማን ነገረሽ?" አላት ከዚያ ቀና ብሎ። "ይህን በረዶ ማን ነገረሽ?"

ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይመጣም። ትሕትና፣ "የምማረው ይህን ነው" አለች። "ምደባ ወጥቷል አባባ። ሕክምና አልመረጥሁም። ሜትዮሮሎጂ ነው የደረሰኝ፤ ዝናብ መቼ እንደሚመጣ፣ ጎርፍ መቼ እንደሚመጣ የሚያጠና ትምህርት ነው። ነጥቤ አንሶ አይደለም። ፈልጌ ነው።"

"ዝናብ ልትማሪ!" ተራራው ድምፁን ተቀብሎ ሦስት ጊዜ መለሰው። "ዝናብ! ዝናብ እኮ ሳይማሩትም ይመጣል!"

"ቀስ በል፤ አለቱ ይወርድብናል" አሉ ቄሱ።

"ዘንድሮ ማሳህን ጎርፍ ሲወስደው ሦስት ቀን ቀድሞ የሚነግርህ ሰው ነበር?" አለች ትሕትና። እንባዋ መጥቷል፤ ግን አላቆመችም። "ከጠፋ በኋላ ነው ሰው ሁሉ የሚያወራው። ከልጅነቴ ጀምሮ 'ጎርፍ መጣ' ሲባል እንጂ 'ሊመጣ ነው' ሲባል ሰምቼ አላውቅም።"

"ቢነግረኝስ? ማሳውን ተሸክሜ ልሸሽ?"

"ቦዩን ቀድመህ ትከፍት ነበር።"

እውነት ነበር። አዳሙ ቦዩን ያልከፈተው ጊዜ ያለ መስሎት ነው።

ቄስ አዛናው የታፈነውን ነገር ማስተንፈስ ካህናዊ ግዴታቸው መስሏቸው፣ "ኖኅም እኮ ዝናብን ቀድሞ ያወቀ ሰው ነው" አሉ።

"ኖኅን እግዚአብሔር ነገረው አባቴ። እሷን ማን ነገራት?"

"ማንም ይንገራት፣ የእኔ መጽሐፍ ደርቋል።"

በረዶው ሲያባራ ወጡ። ከዚያ በኋላ አዳሙ ቃል አልተነፈሰም። የሚጮኸውን አዳሙን ትሕትና ታውቀዋለች፤ ዝም የሚለውን ግን አታውቀውም። ጃንጥላውን ጋቢው ውስጥ ሸፍኖ፣ ከፊት ከፊት እየሄደ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆም አቀበቱን ጨረሰው። እሷ የተላጠ እግሯን እየጎተተች ከኋላ ጀርባውን ታየዋለች። ጮሆብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር ስትል አሰበች።

ጉም አምባ ሲደርሱ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ተሰብስቧል። ቄሰ ገበዙ ይርዳው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ስለት ይቀበላሉ። ለተሰለፈው ሰው ሁሉ ማጉያውን እየሰጡ "ስለምን የተሳልከው ነው?" ይላሉ፣ ሰውየው ይናገራል፣ ሕዝቡ እልል ይላል። የአዳሙ ተራ ደረሰ። ጃንጥላውን ከጋቢው ውስጥ አወጣው። ከርብ ዶፍ፣ ከተራራው ካፊያ፣ ከዚያ ሁሉ በረዶ ተርፎ ከፋዩ ልክ እንደተገዛ ነበር።

"ስለምን የተሳልከው ነው?"

አዳሙ ማጉያውን ያዘ። ትሕትና ዓይኗን ጨፈነች።

"ስለ ጥርሴ" አለ አዳሙ።

"ስለ... ጥርስህ?"

"ስለ መንጋጋ ጥርሴ!" ብሎ ሲጮኽ ማጉያው ፉጨት ለቀቀ፣ እርግቦቹ ከጣሪያው ተነሱ፣ ሕዝቡም እልል አለ።

ቄሰ ገበዙ ጃንጥላውን ይዘው ወደ ዕቃ ቤቱ ገቡ። አዳሙና ልጁም ተከተሉ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከግድግዳው ጥግ ሌላ ከሠላሳ የማያንስ ጃንጥላ ተደርድሯል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ። "ከፈተናው ወዲህ የመጣ ነው፤ አባት ሁሉ ጃንጥላ ነው የሚሳል" አሉ ቄሰ ገበዙ። "እኛን የቸገረን ቆርቆሮ ነው።" ይህን እያሉ ከቀዳዳው ጣሪያ ወደ መጻሕፍቱ ሣጥን የሚወርደውን ጠብታ አዩና የአዳሙን ጃንጥላ ብው አድርገው ዘርግተው ከሣጥኑ በላይ አቆሙት። ጠብታው ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ፤ በቀጥታ ከፋዩ ላይ።

አዳሙ ቆሞ አየው። ከዚያ ጋቢውን ደርቦ ወጣ።

ለመንገደኛው የተሠራ ዳስ አለ። አዳሙ በድምፁ ብዛት ጥሩ ጥግ ይዞ ነበር። ለሁለቱ የሚሆን ሣር ጎዝጉዞ ከልጁ ቦርሳ ውስጥ የጾም ብስኩት ተካፍለው በሉ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ትሕትና ብስኩቷን አስቀመጠች።

"አፈርህብኝ" አለች በመጨረሻ። "ከእኔ ይልቅ ስለ ጥርስህ ማውራት መረጥህ።"

አዳሙ ብስኩቱን በደህናው ጥርሱ በኩል አኝኮ ጨረሰ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ እንዲህ ዝቅ ብሎ መናገር እንደሚችል ትሕትና አታውቅም ነበር።

"ሐኪም ብዬ ብናገር ውሸት ነው። ዝናብ ትማርልኛለች እንዳልል ገና አላመንሁበትም፤ ያላመንሁበትን ደግሞ በእሷ ፊት አልናገርም። ጥርሴ ግን እውነት ነው። ከበረዶው ወዲህ አልተሰማኝም።"

ትሕትና ሳቋ መጣ፤ እንባዋም አብሮት። ያን ጊዜ አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ይዘው ዳሱ በር ላይ ቆሙ። ነጠላቸው በስብሶ ገላቸው ላይ ተጣብቋል። ውስጡን አዩ፤ መሬቱ ሞልቷል።

አዳሙ አሮጊቷን አየና ወደ ልጁ ዞረ።

"ማታ ይዘንባል?"

"አባባ፣ እኔ..."

"በስልክሽ አይደለም። እንደ ቅድሙ፣ በዓይንሽ።"

ትሕትና ተነስታ ወጣች። ነፋሱን በጉንጯ አዳመጠችው። ከሐይቁ በኩል ሰማዩ ቀልቷል፣ ትልቁ ደመና ፈርሶ ተበትኗል። ምዕራቡ ጥርት ያለ ነው። ከምሥራቅ ግን ወደ ጉና በኩል አንድ የማታውቀው ግራጫ ነገር ተጋድሟል።

"አይመስለኝም" አለች ተመልሳ። "ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ከአሥሩ ሰባቱ አይዘንብም። ሦስቱ..."

"ሰባት ይበቃል" አለ አዳሙና ተነስቶ ሣሩን ጠቀለለ። "እመይቴ፣ ይግቡ። እዚህ ይተኙ።"

"እናንተስ ልጄ?"

"እኛ ሜዳው ላይ ነን። አይዘንብም!" ድምፁ ወደ ቦታው ተመለሰ። "ልጄ ናት ያለችው! የአየር ጠባይ ትማራለች! ቅድም በረዶውን በደቂቃ ነው የነገረችን፤ ቄስ አዛናውን ጠይቁ!"

ትሕትና፣ "አባባ፣ ተው!" ብላ እጅጌውን ጎተተች። ግን ረፍዷል። ዳሱ ውስጥ ተጣበው የነበሩ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንድ ባልና ሚስት ቁርበታቸውን አንስተው ወጡ። ቀጥሎ ሦስት የይፋግ ወጣቶች ወጡ። ከዚያ አንድ ወፍራም ነጋዴ፣ "በረዶውን ካወቀችማ!" እያለ ፍራሹን ጎትቶ መጣ። ከቅጥሩ ውጭ ባለው ገላጣ ሜዳ ላይ ስምንት ሰው ተኛ፣ ሁሉም በትሕትና ቃል።

አዳሙ ሣሩን ከልጁ አጠገብ አነጠፈና ጋደም አለ። ትሕትና አልተኛችም፤ ተቀምጣ ወደ ጉና በኩል ታያለች። ግራጫው ቀረብ ያለ መሰላት። የምታውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገመች።

የመጀመሪያዋ ጠብታ አዳሙ ግንባር ላይ አረፈች። ትሕትና በዓይኗ አየቻት። እሱም ተሰምቶታል። ነጋዴው ከፍራሹ ቀና አለ።

አዳሙ ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። ሰማዩን አላየም።

"ከዛፍ ነው" አለ።

ቅርብ የሚባለው ዛፍ ከቅጥሩ ውስጥ ነው፤ መቶ እርምጃ ይርቃል።

ሁለተኛዋ ጠብታ አፍንጫው ላይ ወረደች።

"ከዛፍ ነው አልሁ! ማንም እንዳይነሳ!" ብሎ ጮኸና ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ ዓይኑን ጨፈነ።